ወፎቹን ጻፊ፣ መንገዱን ተይው

ወፍ ለማየት ወዴት ይኬዳል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጅግጅጋ ውስጥ ቢገኝ ወደ እኔ ነው የሚልኩት። በዓመት ሦስት አራት ሰው ቢመጣ ነው፤ አንዳንዴ ከአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ አንዳንዴ አቅርቦ ማያ መነጽር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ፈረንጅ። ወንበር እሰጣለሁ፣ ሻይ አዝዛለሁ፣ ከዚያ ስለ ጋሽ ዒጋል ማውራት እጀምራለሁ። እንግዶቹ ቶሎ ብለው ሰዓታቸውን ያያሉ። እነሱ የመጡት ለቦታ ነው፤ ምን ላድርግ፣ እኔ ቦታውን ከሰውየው ነጥዬ መናገር አልችልም።

ጋሽ ዒጋል የመሥሪያ ቤታችን፣ የቱሪዝም ቢሮው፣ ሹፌር ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ፣ ከአፋቸው መፋቂያ የማይለይ ሰው። ቀስ ብለው ነው የሚነዱት። የግቢው ጥበቃ እንኳ «ከጋሽ ዒጋል ጋር ከመሄድ በእግር ሄዶ ቀድሞ መድረስ ይሻላል» ይል ነበር። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ከጎናቸው ስቀመጥ ነዳጁን የምረግጠው እኔ እየመሰለኝ እግሬ ይዝል ነበር። እሳቸው በሰው ችኮላ የሚደነግጡ አይደሉም። ጭላት ሲያንዣብብ ካዩማ ጭራሽ ፍጥነት ይቀንሱና አንገታቸውን በመስኮቱ ያወጣሉ። «ምን አግኝቶ ይሆን?» ይላሉ። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ፍየል እንኳ አልገጩም። ይህንንም የሚያወሩት ሌሎች ናቸው እንጂ እሳቸው አይደሉም።

የእኛ ቤተሰብ አያቴ ወታደር ሆነው ከመጡ ጀምሮ ጅግጅጋ ነው የኖረው። ሌላ አገር አለን ለማለት እንኳ የምንጠቅሰው ዘመድ የለንም። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከተማው ሲታወክ እናቴን ወለተሐናንና እኔን በጓሮ በር አስገብተው ጓዳቸው ውስጥ አራት ቀን ያስቀመጡን ጋሽ ዒጋል ናቸው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ይወጣሉ፣ በረጋ ድምፅ «ማንም የለም» ይላሉ፣ ተመልሰው ገብተው በሩ ሥር ይቀመጣሉ። በአምስተኛው ቀን ስንወጣ ቤታችን ተቃጥሎ ነበር። እናቴ አለቀሰች። እኔ አመዱን ዞር ዞር ብዬ አየሁና የተረፈ ድስት ፈለግኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ውስጤ የሆነ ነገር ደንዝዟል። መርዶ ሲነገረኝ «እሺ» እላለሁ፣ የያዝኩትን ሥራ እቀጥላለሁ። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም፤ ለጥፋቴም ማመካኛ አላደርገውም። እንደዚያ ስለሆንኩ ነው።

በ2012 ጥቅምት ላይ ኃላፊያችን አቶ ፋራህ ከአንድ ስብሰባ አዲስ ሐሳብ ይዘው ተመለሱ። በበረሃ ሸለቆዎቻችን ብዙ ወፍ እንዳለ፣ ወፍ ለማየት ብቻ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው እንዳለ ሰምተዋል። «ወፍ የት እንደሚታይ የምትናገር ትንሽ መጽሔት አዘጋጂ» አሉኝ። እኔ ከዶሮ ሌላ በስም የማውቀው ወፍ ቁራና ጭላት ብቻ ነበር። ጋሽ ዒጋልን ጠየቅኳቸው። መፋቂያቸውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወሩ። በመጨረሻ «አንድ ቦታ አለ፤ እህቴ እዚያ ናት» አሉኝ። እስከዚያ ቀን እህት እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

ገና በሌሊት ተነሣን። በደምበል በኩል ወደ ቆላው ወርደን፣ ከጠጠሩ መንገድ ወጥተን፣ ውሃ የሌለው ወንዝ ውስጥ ገባን። ወንዝ ይባል እንጂ አሸዋ ነው። በዓመት አንድ ሁለት ቀን ጎርፍ ይወርድበታል፤ ከዚያ ወዲያ አህያና ግመል ነው የሚሄድበት። ዳርና ዳሩን ግራር ይዞታል። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ አፍንጫ ይልጥ ነበር። ጋሽ ዒጋል በእረኝነታቸው ውሃ ሲጠፋባቸው ጠዋት ጠዋት ቀና ብለው ወፍ ይጠብቁ እንደነበር ነገሩኝ። ወፎቹ በመንጋ ወደ በረሩበት ፍየሎቹን ይነዳሉ፣ ውሃውን ያገኙታል። እኔ ይህን ደብተሬ ላይ «አስደሳች መረጃ» ብዬ ጻፍኩ።

እህታቸው ኤዶ ዐናብ በአምስት ዓመት ይበልጧቸዋል፤ በቁመትም ትንሽ ይበልጧቸው ነበር። ኤዶ ያልኳቸው ጋሽ ዒጋል እንዲህ በያት ስላሉኝ ነው፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ባላቸው ሞቷል፣ አንዲት ሴት ልጅ ወልደው በሕፃንነቷ ቀብረዋል፣ አርባ ያህል ፍየል አላቸው። ወንዙ ከሚታጠፍበት ላይ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ሥር፣ በእጃቸው የቆፈሩት የአሸዋ ጉድጓድ አለ። ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሲመሽ አፉን በእሾህ ይዘጉታል፣ ሲነጋ ይከፍቱታል። ውስጡ ገብተው በጣሳ ይቀዳሉ። ሲቀዱት ያልቃል፣ ትንሽ ሲጠብቁት ከአሸዋው ሥር እንደገና ያቁራል። «ይህ ውሃ እንደ ሽማግሌ ነው፤ ካላጣደፉት ይናገራል» አሉኝ፣ ወንድማቸው እያስተረጎሙ።

ፍየሎቹ በተራ ጠጥተው ሲያበቁ ኤዶ ዐናብ የመጨረሻዎቹን ሁለት ባልዲዎች ጎድጎድ ያለ ድንጋይ ላይ አፈሰሱ። ለማን ነው ብዬ ጠየቅኩ። «ለወፍ ነው። ስለ ልጄ ሰደቃ» አሉ። ከዚያ ጥላ ሥር ሄደን ተቀመጥን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ከሩቅ ድምፃቸው ተሰማና መጡ። ቆቅ ይመስላሉ፣ አበራረራቸው ግን የእርግብ ነው፤ መልካቸው አሸዋ፤ መቶም ሁለት መቶም ይሆናሉ። እነሱን ተከትለው ዋኔዎች ወረዱ፣ ጅግራዎች መጡ፣ ደረታቸው ብርቱካንማ ጀርባቸው ሰማያዊ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ትናንሽ ወፎች መጡ። ጋሽ ዒጋል ክንዴን ነካ አድርገው ከአሸዋማዎቹ አንዱን አሳዩኝ። ጠጥቶ አልሄደም፤ ውሃው ውስጥ ገብቶ ደረቱን እየነከረ ይወዛወዛል።

«ወንዱ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ውሃውን በላባው ይዞ ለጫጩቶቹ ይወስዳል። ከደረቱ ላይ ይጠጣሉ።»

ዓይኔን ማንሣት አቃተኝ። ከዚያ ሐምሌ ወዲህ ደስ ያለኝ የመጀመሪያው ቀን እሱ ነው ብል አልዋሸሁም።

በመልሱ ጉዞ ጋሽ ዒጋል ከወትሮው ይልቅ አወሩ። በ1970 በካራማራ በኩል ጦርነቱ ሲበረታ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ተከታትለው ሞተዋል። እህታቸው ጥቂት ፍየሎችንና ወንድማቸውን ይዘው እዚያ ድንጋይ ሥር ሰባት ወር ተደበቁ። ከወዲያም ከወዲህም ሠራዊት አለፈ፤ ሁሉም ውሃ ይፈልግ ነበር፤ ያን ጉድጓድ ግን ማንም አላገኘውም። «ሌሎቹ ወደ ድንበር ሸሹ፣ መንገድ ላይ በውሃ ጥም ሞቱ» አሉ። «እሷ ከውሃው አልነቃነቅም አለች። ከዚያ ወዲህም አልተነቃነቀችም።» ጅግጅጋ መጥተው አብረዋቸው እንዲኖሩ ስንት ዓመት እንደለመኗቸው ነገሩኝ። ኤዶ ዐናብ እምቢ ብለዋል። ልጃቸው እዚያ ናት፤ እሳቸውም እዚያው ኖረው እዚያው መቀበር ነው የሚፈልጉት። በዚያ ጦርነት አያቴ ከየትኛው ወገን እንደነበሩ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አላነሣነውም።

ከተማ ልንገባ ስንል «ሶሲ» አሉኝ። «ወፎቹን ጻፊ፣ መንገዱን ተይው።»

«እሺ» አልኩ።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው ሳቄ መጣ። ሽማግሌው እንግዳ በመጣ ቁጥር መንገድ መሪ ሆነው ውሎ አበል ሊበሉ ነው አልኩ በሆዴ። ሹፌር አይደሉ? ሹፌር አቋራጩን መቼ ለሰው ተናግሮ ያውቃል? ደግሞስ ወፉ የት እንዳለ የማይናገር የወፍ መጽሔት ምን ሊረባ? ሁሉንም ጻፍኩ። ከየትኛው ድልድይ በስተግራ እንደሚወጣ፣ አሸዋው ላይ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚኬድ፣ ጥቁሩ ድንጋይ የት እንደሆነ። ካርታም አሣልኩ። ከሥሩ «ዓመቱን ሙሉ ውሃ የማይለየው» የሚል ጨመርኩበት፤ በዚያች ሐረግ በጣም ኮርቼ ነበር።

መጽሔቷ ታትማ ስትመጣ አንዷን ለጋሽ ዒጋል ሰጠኋቸው። አማርኛ ማንበብ ብዙም አይሆንላቸውም። ካርታውን ግን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ጥሩ ወረቀት ነው» ብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከእህታቸው በቀር ማንንም ሁለት ጊዜ መለመን አይሆንላቸውም።

በዚያው ዓመት ኮሮና መጣ፣ አስከትሎ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። አንድም ወፍ ተመልካች አልመጣም። መጽሔቶቹ በየሆቴሉ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ አቧራ ጠጡ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ነበር።

በ2014 ዝናቡ ደጋግሞ ቀረ። ቢርካ የሚባሉት የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዎች ደረቁ፣ በየመንገዱ ዳር የከብት ሬሳ ታየ። ከተማ ውስጥም ውሃ የሚገኘው ከቦቴ ሆነ፤ እናቴና እኔ ከሰፈሩ ሰው ጋር ጀሪካን ይዘን ተሰልፈን ነበር የምንቀዳው። የካቲት ላይ ረዲ የሚባል ሰው ቢሮዬ መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ሁለት ቦቴ ያለው ሰው ነው። መጽሔቷን ጠቅልሎ ይዟታል።

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉኝ፤ አላህ ይስጥሽ» አለኝ። «ከሆቴል ነው ያገኘኋት። ይቺ ገጽ ስንት ቤት እንዳጠጣች ብታውቂ።»

«የትኛዋ ገጽ?»

ጣቱን ካርታው ላይ አሳረፈ። «እንዲህ ያለ ሌላ ቦታ የተጻፈበት የለሽም? ይህኛው አልቋል።»

«እዚያ እኮ ሰው አለ» አልኩት።

«አለች፣ አንዲት አሮጊት። ጠይቀናታል። ለተጠማ ውሃ አይከለከልም አለች።»

ክፉ ሰው አይደለም። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል፤ እኔም ከዚያ ውሃ ጠጥቼ ይሆናል። ሌላ የለኝም አልኩት፣ አመስግኖ ወጣ።

ጋሽ ዒጋል ግቢው ውስጥ የመኪና መስታወት እየወለወሉ አገኘኋቸው። የሰማሁትን ነገርኳቸው። ጨርቁን አጥፈው አስቀመጡ፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ መኪናውን አስነሡ። ያን ቀን በፍጥነት ነዱ። እንደዚያ ሲነዱ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ደምበል ስንደርስ «ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ነግሬሻለሁ።»

«ምክንያቱን አልነገሩኝም።»

«እኛ ዘንድ ጉድጓዱ ድረስ ለመጣ ሰው እምቢ አይባልም» አሉ። «ጠላትም ቢሆን ይጠጣል። ስለዚህ ውሃሽ እንዳያልቅ ከፈለግሽ እንዳይመጡ ማድረግ ነው። ሌላ ዘዴ የለም። በረሃ ላይ ወፍ የት እንደሚወርድ የተናገረ ውሃውን ተናገረ።»

ጉድጓዱ ጉድጓድ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ፓምፕ ሲስብበት ዳርና ዳሩ ተንዶ ሰፊ ገበታ መስሏል፤ መሐሉ ላይ የተሰነጣጠቀ ጭቃ አለ፤ የቦቴ ጎማ አሸዋውን ቦጫጭሮታል። ፍየሎቹ በየግራሩ ሥር ወድቀዋል። የቀሩት ዘጠኝ ናቸው። ኤዶ ዐናብ መሐሉ ላይ ተንበርክከው አሸዋ በእጃቸው ያወጣሉ። ሲያዩን ተነሡ፣ እጃቸውን በልብሳቸው ጠርገው ጨበጡኝ። ለእንግዳ የሚቀርብ ውሃ ስለሌላቸው ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔን ነው ይቅርታ የጠየቁኝ።

ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። ሶማልኛዬ የገበያ ሶማልኛ ነው፤ ይህችን ያህል ግን ይገባኛል። «ለሰዎቹ ማን ነገራቸው?» አሉ።

ጋሽ ዒጋል ወደ እኔ አላዩም። «አላህ ያውቃል» አሉ።

ያኔ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አንደበቴ ተሳሰረ ብል ውሸት ይሆናል፤ አንደበቴ ደህና ነበር። ዝም ማለት ቀለለኝ። በጓዳቸው እንደደበቁኝ እዚያም ደበቁኝ፣ እኔም ገብቼ ተደበቅኩ።

ዘጠኙን ፍየሎች ደምበል ለአንድ ዘመድ ትተን ኤዶ ዐናብን ጅግጅጋ አመጣናቸው። ወንድማቸው አልጋቸውን ለቀቁላቸው፣ እሳቸው መሬት ተኙ። ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ አጠገብ ይቀመጣሉ። ውሃ በሳምንት አንዴ ብትመጣ ነው፤ ስትመጣ በድስት ክዳን ይቀበሉና አጥሩ ላይ ያኖሩታል። የሚመጣው ቁራ ነበር። እኔ በየዓርቡ ስኳርና ወተት ይዤ እሄዳለሁ። ዛሬስ እነግራቸዋለሁ እያልኩ እሄዳለሁ፣ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። አንድ ዓርብ እንዲያውም «ኤዶ፣ አንድ ነገር አለኝ» ብዬ ጀምሬ ነበር። እጄን ይዘው የእናቴን ጤንነት ጠየቁኝ። ደህና ናት አልኩ፤ በዚያው ቀረ።

አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በ2015 ጥር፣ ስኳሬን ይዤ ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። ኤዶ ዐናብ ዐርፈዋል። ይህ ነው የሚባል ሕመም አልነበረባቸውም፤ ትንሽ ሳል ብቻ። ቀብር አይዘገይምና ወደ ሸለቆው የሚወስዳቸው አልተገኘም፤ እዚሁ ጅግጅጋ ተቀበሩ። አላለቀስኩም። ወንበር አነሣሣሁ፣ ብርጭቆ አጠብኩ። ቤቴ ገብቼ ልቅሶውን ጠበቅኩት፣ አልመጣም። ጋሽ ዒጋል በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጡረታ ወጡ።

በ2016 ደህና ዝናብ ዘነበ። አቶ ፋራህ መጽሔቷ ታርማ እንደገና እንድትታተም አዘዙ፣ ወርደሽ እይ አሉኝ። ለጋሽ ዒጋል ሳልነግር መሄድ ነውር መስሎ ስለታየኝ ቤታቸው ሄድኩ። «አብሬሽ እወርዳለሁ» አሉ። ሌላ ሹፌር ነዳን፤ እሱ መኪናው ጋ ቀረ፣ እኛ በእግራችን ወደ ድንጋዩ ሄድን።

ጎርፍ መጥቶ አልፏል። ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ሰፊ ኩሬ ተኝቷል፤ ጉድጓዱ የት እንደነበረ አይታወቅም። ወፎቹ አሉ። ከያኔው ይበዛሉ። ማንም ሳይቀዳላቸው ጠጥተው፣ ደረታቸውን ነክረው ይሄዳሉ። ተናደድኩባቸው። በወፍ መናደድ ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ።

«በዚህኛው መንገዱን አልጽፍም» አልኩ።

«ጻፊው።»

«አልጽፍም፣ ጋሽ ዒጋል።»

«ጻፊው» አሉ። «እኔ የደበቅኩት ለውሃው ብዬ አይደለም፤ እሷ እንድትኖርበት ነው። አሁን የምደብቅለት ሰው የለኝም።»

እንዲሰድቡኝ ነበር የፈለግኩት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። ደብተሬን አወጣሁ። እሳቸው ሜዳውን እያዩ መንገዱን በዝርዝር ይነግሩኝ ጀመር፤ የቱ ጋ ጎማ እንደሚሰምጥ፣ የቱ ጋ አሸዋው ጠንካራ እንደሆነ። ጥቂት ከጻፍኩ በኋላ እጄ ቆመ።

«ለኤዶ ዐናብ የምነግራቸው ነገር ነበር» አልኩ። «በየዓርቡ ልነግራቸው እሄድ ነበር።»

«ታውቅ ነበር።»

«ነገሯቸው?»

«እኔ አልነገርኳትም። በዕድሜዬ እዚህ ውሃ ድረስ ይዤው የመጣሁት ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ቦቴው የመጣ ቀን አወቀች።»

«ታዲያ ኤዶ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ማወቋን ካወቅሽ መምጣት ትተያለሽ ብላ ፈራች» አሉ። «ጅግጅጋ ውስጥ ከእኔ ሌላ ቤቷ የሚመጣ ሰው አልነበራትም።»

ከዚያ ከድንጋዩ በስተቀኝ ለመኪና ማቆሚያ የሚሆን ጥላ እንዳለ ነገሩኝ፣ እሱም እንዳይረሳ አሉ። ጻፍኩት።